የቀዘቀዘው ደም

ጥቅምት 8
የእኔ ትንኞች ዛሬም ባዶ። ሆዳቸውን ከፍቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ዋልኩ... አንድ የወባ ተውሳክ የለም። አብራኝ የምትሠራው ኤሌኒ ከጎኔ፣ «እዚህም አለ... እዚህም» ትላለች። ድምጿ አስጠላኝ። የምናጠጣቸው የወባ ሕመምተኞች ደም የሁለታችንም ከትክል ድንጋይ ከተማ ነው፣ ትንኙም ያው። ምኗ ነው ከእኔ የሚበልጠው? አለቃችን ዶክተር አስማረ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚወስዱት አንዳችንን ብቻ ነው። እሷን ሊሆን ነው።

ጥቅምት 12
ትክል ድንጋይ። ወባ ከያዛቸው ከአያ አላምረው ደም ቀዳን። ሚስታቸው «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብለው ያዙን፤ እንዴት እምቢ ይባላል? እኔ እንደ ልማዴ ብልቃጤን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ በላሁ። ኤሌኒ የሷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ በአንድ እጇ።
«ምነው ልጄ፣ ብብትሽን አመመሽ?»
«ደሙ እንዳይበርደው ነው፣ እማማ።»
መኪና ውስጥ ነገረችኝ። ማሞቂያው ሣጥን ከተበላሸ ወዲህ እንዲህ ነው የምታደርገው። ተውሳኩ ከሰው መውጣቱን የሚያውቀው በብርዱ ነው። ደሙ ከቀዘቀዘ ትንኝ ሆድ የገባ ይመስለውና ወንዱ ተውሳክ ጅራት አውጥቶ ሴቷን ፍለጋ ይሮጣል። ትንኟ ስትጠጣው ጉልበቱን ጨርሷል።
ተምሬዋለሁ እኮ! በዚህ ብርድ መስኮት ላይ ሳስቀምጥ ምን ነካኝ? አለመደበቋ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ጥቅምት 19
ዛሬ የተገኘው አንድ ብልቃጥ ብቻ። የቀዳችው ኤሌኒ። ስንመለስ ቀብር አጋጠመን፤ ሹፌራችን ጌቾ መኪናውን አቆመ፤ እንደ ወጉ ወረድን። ኤሌኒ ከለቀስተኞቹ አንዷን ታውቃት ኖሮ ብልቃጡን ሰጠችኝ። «እንዳይበርደው» ብላ ሄደች።
ነፋሱ ይቆርጣል። ከብብቴ አወጣሁት። መዳፌን ዘርግቼ ነፋሱ ላይ ያዝኩት... ወንዶቹ ሲሯሯጡ የታየኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ስትመጣ መልሼ ሸጎጥኩት።
ጎንደር ላቦራቶሪያችን ስንደርስ ብልቃጡን ተቀብላኝ ወደ እኔ ትንኞች ሄደች።
«የት ነው?» አልኳት።
«ያንቺ ይጠጡት እንጂ። ለኔ የበፊቱ ይበቃኛል። ላንቺ ብዬ እኮ ነው የቀዳሁት።»
ምን ልበል? ደሙን ስታጠጣቸው ቆሜ አየሁ።

ጥቅምት 27
ባዶ።
ኤሌኒ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለቅሶው ላይ ቆየሁ» አለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ኅዳር 1
ነገርኳት። «ሆን ብዬ ነው ያቀዘቀዝኩት። ያንቺ መስሎኝ።»
«የኔ ቢሆን ኖሮስ ትነግሪኝ ነበር?»


ኅዳር 6
የሦስተኛ ዲግሪው ቦታ የኤሌኒ ሆነ። ቅናቱ ለቀቀኝ? የት ለቆኝ...
ዛሬ ትክል ድንጋይ ስንሄድ ከኋላ አብራኝ አልተቀመጠችም፤ ከጌቾ ጎን ገባች። ሁለት ብልቃጥ አገኘን፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። ስንመለስ «የኔን እኔ ልያዘው» አልኳት። ሁለቱንም ራሷ ብብቷ ውስጥ አድርጋ ጎንደር ድረስ ወደፊት ብቻ እያየች ሄደች።