ቤት ሲገባ የሚሞተው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከጠዋቱ 4:55

እንደገና ጠፋ። ወርቅ ገዝቼ ዋጋው ገና መውጣት ሲጀምር የምነግድበት ሶፍትዌር ስታክ አደረገ። የዋጋ መስመሮቹ ቆሙ። ከዚያ ድርግም። ሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ። መብራት አለ፤ አምፖሉ ቁልጭ ብሎ እያየኝ ነው። እስኪነሣ ድረስ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት የሆነ ነገር እሰብራለሁ።

5:10። ተነሣ። ወርቁ ያለ ጠባቂ ሲንከራተት ቆይቶ ዋጋው ወርዷል። መልእክትም ጠበቀኝ፦ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።

ደንቡን እዚህ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው ሳይሆን እንድናደድበት። የሙከራ ጊዜ አራት ሳምንት። መ/ቤቱ ውጭ አገር፣ እኔ ጉለሌ። በእነሱ ገንዘብ ወርቅና ምንዛሪ እነግዳለሁ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10። ካሜራ ክፍት። በየሰዓቱ፣ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ፣ "አለሽ?" ይላሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልመለስኩ ተቋርጣለች ነው። ሦስት ጊዜ ከተቋረጥኩ ደህና ሁኚ። ምክንያት አይጠይቁም።

እሠራበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ በሰጠኝ መሰናበቻ የገዛሁት አዲስ ኮምፒውተር ነው። አዲስ! ካርቶኑ እንኳ አልጋ ሥር አለ።

ከታች ክፍል የአባባ መወርወሪያ ይሰማኛል። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው። አሁን ከጉድጓዱ ሲወጣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚያነሣው። ሥራው ቋሚ ከሆነልኝ ይወጣል። ተስማምተናል። አባባ ሳይከራከር የተስማማበት ብቸኛ ነገር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ 12:30፣ ሊመሽ ሲል

ዛሬ ሁለቴ ስታክ አደረገ፣ ግን አልጠፋም። ለዚህም ተመስገን እላለሁ፤ እዚህ ደርሻለሁ።

ያደረግኩት፦ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ስድስት የዋጋ ቻርት ነበር የምከፍተው፣ ሁለት አደረግኩ። በሁለት ቻርት መነገድ አንድ ዓይን ጨፍኖ መንገድ ማቋረጥ ነው። ኢንተርኔቱን ቀየርኩ። ስታብላይዘር ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩ። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ጋ ጻፍኩ፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግዢ ብለው መለሱ። ከዚህ በላይ ጠንካራ? ፋኑ እኮ የእንጦጦን ዳገት እንደሚወጣ ሚኒባስ ነው የሚጮኸው። እኔ ጉልበት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ ዛሬ ምን እንዳስቸገረኝ ጠየቀኝ። ማሽኑ ይደክመዋል አልኩት። እንደ እኔ ነዋ ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ 11 ሰዓት

ገበያ ዝግ ነው፤ ፒያሳ ይዤው ወረድኩ። አባባ የሸመነለትን ልብስ አወለቅኩለት፣ አጥፌ አልጋ ላይ አስቀመጥኩ፣ ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ታቀፍኩት። አንዲት እናት ሕፃን መስሏቸው መስኮት ዝጉላት አሉ።

ጌትነት ይባላል ባለሙያው። አርባን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ። ገጣጥሞ አስነሣው። ያለፉትን ቀናት ገበያ እያስኬደ ስድስቱንም ቻርት ከፈተ። አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት። አምስት ሰዓት። ወይ ፍንክች! እንደ አስመሳይ ተማሪ፣ አስተማሪው ሲመጣ ብቻ... ምን እያልኩ ነው። ርቦኛል።

ጌትነት ምንም የለውም አለ። ለማንኛውም ፎርማት አደረገው፤ ለኮምፒውተር ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት።

ቤት መልሼ ልብሱን አለበስኩት። አባባ ጥጉን አስተካከለለት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፤ ከሰዓት

ከአምልኮ በኋላ የቤት ኅብረቱ እኛ ጋ ነበር። እህት ወርቅነሽ፣ የኅብረቱ መሪ፣ ሰምታ ኖሮ በማሽኑ ላይ እንጸልይ አለች። አስነሣሁት፤ ሥራውን እንዲያዩ ብዬ የቆየ ገበያ ከፈትኩላቸው። ሰባት ሴት እጃቸውን ዘረጉ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ፋኑ መጮህ ጀመረ፣ ሦስተኛው ላይ ድርግም። እ/ወርቅነሽ የጠላት ሥራ ነው አለች። ጠላት ስንት ሥራ እያለው እኔ ጋ ምን ያደርጋል? በልቤ ነው፣ አልተናገርኩም።

ልብሱን ግን ሁሉም አደነቁ። ላስረዳሽ፦ አባባ ኮምፒውተሩ የመጣ ሳምንት የሸመነለት ነው። የጥጥ ብናኝና የመንገድ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ። እንደ ጋቢ ወፈር ያለ፣ በልኩ የተሰፋ፣ ከላይ ከኋላ ከጎን የተሸፈነ፣ ለማስነሻው ቁልፍና ለገመዶቹ ብቻ ቀዳዳ ያለው። ፊቱ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት። የደንበኛ ሥራ አቆይቶ ነው የሠራው። እ/ወርቅነሽ ለቴሌቪዥኗ አዘዘች። አባባ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ሲያፍርና ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ቀኑ 7:15

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።

6:58 ላይ ጠፋ። 7:00 ላይ "አለሽ?" ሲሉ ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ ብያለሁ። አለሁ! አለሁ ብዬ ጮኽኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

በዚህ መሃል አባባ ሻይ ይዞ ገባ። ልብሱ ዘመም ብሎ አይቶ ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ ጮኽኩበት። ምንም አትንካ! ውጣ! አልኩት። አባቴን። ሻዩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ። ይቅርታ ለመጠየቅ ተነሣሁ፣ ደግሞ ማሽኑ ተነሣ፣ ተቀመጥኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

አንድ ቀረኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፤ 1 ሰዓት ምሽት

ዛሬ ሳይጠፋ 10 ሰዓት ሞላ። አንድ ቻርት ብቻ ከፍቼ፣ እየፈራሁ፣ ምንም ሳልነግድ። ሳይነግዱ የሚያልፉት የነጋዴ ፈተና የለም።

ሥራ እንዳበቃ ማሽኑን ይዤ ጌትነት ጋ ሮጥኩ። ያው ነው። እዚያ ሲሆን ይሠራል። ስድስት ቻርት፣ ዘፈን ጭምር ከፍቶበት። ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። ደንበኞች እያዩ። ጌትነት ሶፍት ሰጠኝና፣ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ ካልሆነ ቤትሽ ውስጥ ነው፣ ነገ ከሥራ በፊት መጥቼ ልየው አለ።

ቤቴ ውስጥ ምን አለ? እኔና አባባ ነን ያለነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፤ 10:30

ጌትነት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሶኬቱን ለካ። ደህና። ገመዶቹን አየ። ደህና። ከዚያ አስነሣና ምንም ሳያደርግ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስድስቱንም ቻርት አስከፈተኝ። ፋኑ ማጓራት ሲጀምር እጁን ልብሱ ላይ አሳረፈ፣ ወዲያው አነሣ።

ሁልጊዜ እንዲህ ለብሶ ነው? አለኝ።

እኔ ጋ ሲመጣ ለምን አላየሁትም? አለኝ።

ልብሱን ወደ ላይ ሲገልበው ትኩሱ ፊቴን መታኝ። እህቴ፣ የሚተነፍስበት እኮ ይሄ ነው አለና ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች አሳየኝ። ገፈፍነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ ጩኸቱ ቆመ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስድስት ቻርት፣ አንዴም አልተንተባተበ። ሁለት ጥሩ ንግድ ዘጋሁ። መጨፈር ነበረብኝ።

ደብተሬ፣ ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ያመጣብኝ የአባባ ሥጦታ ነው። ከጉድጓዱ የሚያወጣውን ሥራ በገዛ እጁ ሸፍኖ ሊገድልብኝ ነበር። ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው? ጥጉን ያስተካከለለት እኮ እሱ ነው። ጌትነትን በር ድረስ ስሸኘው ለአባቴ አትንገርብኝ አልኩት። አባባ ምሳ ሰዓት ላይ ልብሱ የት ሄደ ሲለኝ፣ ይታጠብ ብዬ ነው አልኩት።

ሊታጠብ። አንድ ወር ያልሞላው ልብስ። ውሸት እንኳ አልችልም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፤ ጠዋት 3:40

አባባ አልጋዬ ላይ ታጥፎ ያለውን ልብስ አየው። ሳይታጠብ። አነሣው፣ ገለበጠው፣ አሸተተው። ከዚያ ካሜራውን አየ። ማሽኑ ጎኔ ስለሚቀመጥ በካሜራው ጥግ ይታያል፣ ያውቃል። ፈረንጆቹ እንዳያዩት ነው? አለኝ።

አይደለም አልኩ። አይደለም ካልኩ ምንድን ነው ሊለኝ ነው።

ግድ የለም ልጄ አለ። ይዞት ወረደ።

8:20

ማሽኑ እንደ ሰዓት ይሠራል። አራት ጊዜ "አለሽ?" ብለዋል፣ አራቴም አለሁ ብያለሁ። የለሁም።

አንድ ነገር አለ፤ አንቺ ላይም ጽፌው አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ አባባ የረሳሁትን ደብተር ሊያቀብለኝ ት/ቤት መጣ። ፀጉሩ ላይ ጥጥ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የተጠቀለለ። ያኔ የሸማኔ ልጅ መባል ስድብ ነበር፤ ለጓደኞቼ አባቴ ነጋዴ ነው ብያቸው ነበር። ማነው ሲሉኝ፣ ጎረቤታችን ነው አልኩ። ሰምቷል። ደብተሩን ሰጥቶኝ፣ አይዞሽ ብሎ፣ እንደ ጎረቤት ሄደ። ቤት ገብቼም አላነሣው፣ እኔም አላነሣሁት። ሃያ ዓመት አለፈው።

ዛሬ ጠዋት ግድ የለም ልጄ ሲለኝ ያው ድምፅ ነው።

አባባ ለምሳ አልመጣም። ወጡን ክዳን አድርጌ አስቀምጬለታለሁ። መወርወሪያው አይሰማም።

8:45

መስኮት ጋ ሄጄ አየሁ። ታች ክፍሉ በር ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ ተቀምጧል። ልብሱን ጭኑ ላይ አድርጎ በምላጭ ስፌቱን እየተረተረ ነው። አንዱ ጎን አልቋል። ተራ ጨርቅ ሊያደርገው ነው። ገበያ ሊያወጣው ይሆናል። ሲተረትር ክሩ እንዳይበላሽ ይጠነቀቃል፣ እያንዳንዱን ይለቅማል።

እስከ 10 ልቆይ? አንድ ሰዓት ተሩብ ነው የቀረው። ያኔ ግን ይጨርሰዋል፣ ጨርሶም ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ እራት ላይ ስለ አየሩ እናወራለን፣ ይኸው ሌላ ሃያ ዓመት። አውቀዋለሁ። እኔንም አውቀኛለሁ።

ብነግረው ይጎዳል። እጁን ያያል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ስንት ቀን አይተኛም። ግን ያን ይወቅ። አቃጠልክብኝ ልበለው፤ ማሽኑን አፍነህ ልትገድልብኝ ነበር ልበለው። ይህን ይሸከም። አፈረችብኝ የሚለውን ግን ሁለተኛ አይሸከመውም።

8:52። ሁሉንም ንግድ ዘግቻለሁ። 9:00 ሲሞላ ይጠይቃሉ። አንድ ነው የቀረኝ። ይህን መናገር ስምንት ደቂቃ አይበቃውም፤ ስለ ት/ቤቱም አለበት።

ልውረድ።