ተረሳ ስለተባለው የእናቴ የስለት ጃንጥላ

ለተከበሩ የከተማው የጎብኚዎች አገልግሎትና የተረሱ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለክፍልዎ ሠራተኞች በሙሉ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም የከተማዎን የድንጋይ ዳገት ሳያርፉ ለመውጣት የሚበቃ ይሁንልዎ። ይህን የምመኝልዎ ዳገቱን ዊልቸር እየገፋሁ ስለወጣሁት ነው።

መሓሪ እባላለሁ። ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ በሚገኝ ባለ ስድስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ በተቆጣጣሪነት ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ደንብ ማስከበር ምን እንደሆነ፣ የሰው ዓይን እያዩ «አይቻልም» ማለትም ምን ያህል እንደሚጥም ከእርስዎ ባልተናነሰ አውቀዋለሁ። በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የትውልድ ከተማዬ አስመራ ቢሆንም የተማርኩበት ዘመን አቤቱታ በአማርኛ ካልተጻፈ የማይነበብበት ስለነበር ቁጣዬ በወግ የሚወጣልኝ በዚህ ቋንቋ ነው። ደግሞም የእናንተ ኢሜይል የደረሰን በጀርመንኛ ብቻ ሲሆን ስልካችን እንደምንም ተርጉሞልናል፤ እርስዎም ስልክ አያጡም። የከተማዎን ስም ያልጠቀስኩት ውበቷን ሰምቶ ሰው እንዳይጎርፍባችሁና ሥራ እንዳይበዛባችሁ አስቤ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳዎ። ታላቅ ወንድሜ ሳህለ በ1974 ዓ.ም. በታሪካዊው ዩኒቨርሲቲያችሁ የፋርማሲ ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባና ከአልጋው ሆኖ ለእናታችን ለወይዘሮ ፀሐይ አንድ ፖስትካርድ ላከ። ከጀርባው «ትንሽ አሞኛል፣ አታስቢ» ይላል። እናት «አታስቢ» የሚል ወረቀት ከባሕር ማዶ ሲደርሳት ምን እንደምታስብ እርስዎም እናት ስላለዎት አልነግርዎትም። ከፊቱ ደግሞ ረጃጅም መስኮቶችና በአናቱ መስቀል ያለው አንድ የሚያምር ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እናቴ ፖስትካርዱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ልጄን ካነሳህልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ የከፈይ ጃንጥላ ይዤ ደጅህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ ብላ ተሳለች። ሳህለ ዳነ።

ስለት የሚባለውን ነገር በጎብኚዎች መመሪያችሁ ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁት በአጭሩ ልንገርዎ። ሰው ሲጨንቀው፣ ይህ ከሆነልኝ ይህን አስገባለሁ ብሎ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ቃል ይገባል፤ ሲሆንለት ያስገባል። ጃንጥላ የምናስገባውም በበዓል ቀን ከታቦቱ በላይ እንዲዘረጋ ነው እንጂ ዝናብ ፈርተን አይደለም። እናቴ ግን መንገዱ ሳይከፈትላት ቆየ። መጀመሪያ ጦርነት፣ ቀጥሎ ስደት፣ ቀጥሎ የወረቀት ጣጣ፣ በመጨረሻም ጉልበቷ ያዛት። እዚህ አውሮራ ያሉ ቄስ አዝነውላት ስለቱን ወደዚህ ደብር እናዙርልሽ ቢሏት፣ ቃሌን የሰጠሁት በሥዕሉ ላይ ላለው ነው ብላ እምቢ አለች። ዘንድሮ ሐኪሞች የሳህለ የልብ ቫልቭ በቀዶ ጥገና መቀየር አለበት ሲሉ ደግሞ የፊተኛውን ሳላስገባ ሁለተኛ በምን አፌ እለምናለሁ አለችና በሰማንያ ሰባት ዓመቷ ተነሣች። ጃንጥላው የተጓዘው የወንድሜ ልጅ ሃበን ባዋሰችን የበረዶ መንሸራተቻ (የስኪ) ቦርሳ ነው። የዴንቨር ኤርፖርት ሠራተኛ በነሐሴ ወር የት አገር በረዶ እንዳለ በመገረም ጠይቆን ነበር።

እንግዲህ ከተማችሁን በማየታችን ያገኘነውን ደስታ በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካርታችሁ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ አሮጌው ከተማ ያለውን መንገድ «ደስ የሚል የአሥራ ሁለት ደቂቃ የእግር ጉዞ» ይለዋል። ደስታው ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶብናል። መንገዱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እንዳልተነካ የሚገልጽ ሰሌዳ በየሃያ እርምጃው ስላቆማችሁ እናመሰግናለን፤ የዊልቸሩ ጎማ ሳያነበው ገብቶት ነበር። የመጨረሻዋን ጥቂት እርምጃ እናቴ በእግሬ ብያለሁ ብላ ወርዳ፣ ክንዴን ይዛ ሄዳለች። ያን ጊዜ ቁጣዬ ሁሉ ጠፍቶ ነበር ብል አልዋሽም።

ሁለተኛ፣ ትኬታችሁ የተማሪዎቹን እስር ቤት ካላዩ ቤተ ክርስቲያኑን አያሳይም። አስጎብኚያችሁ፣ ጨዋ ወጣት ነው፣ በጥንት ጊዜ ሰክረው የረበሹ ተማሪዎች የታሰሩበትን ክፍልና በግድግዳው ላይ የሳሉትን ሥዕል እያሳየ አርባ ደቂቃ አሳቀን። እኔ በየሳምንቱ ሰኞ ከፓርኪንጉ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለውን ሥዕል በብሩሽ የማስፍቅ ሰው ነኝና በመስታወት ተሸፍኖ ሳየው ሙያዬን እንደገና እንድመረምር አድርጎኛል። እናቴ ግን አልሳቀችም። የታሰረ ሰው ያለበት ቤት መስሏት አማተበችና ቤተሰብ ስንቅ የሚያቀብለው በየት በኩል እንደነበር እንድጠይቅላት አዘዘችኝ። በዘመኗ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ደጃፍ የቆመች ሴት ናት። ተረጎምኩለት። ወጣቱ ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። መልሱ ከተገኘ ሰሌዳ ላይ ቢጨመር መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። በካርታችሁ ላይ ቁጥር ሰባት ነው። በመንገድ ምልክቱ፣ በማግኔቱ፣ በሻይ ኩባያው፣ እስከ ዛሬም በፖስትካርዱ ላይ «ቤተ ክርስቲያን» ትሉታላችሁ። እኛም የዋሆች ስለሆንን አመንን። እናቴ ደጁ ስትደርስ ጃንጥላውን ከቦርሳው አስወጥታ ዘረጋችው፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች፣ መቃኑን ሳመች። ጎብኚዎቻችሁ ክብ ሠርተው ፎቶ አነሱን፤ አንድ ደግ ሰው የስኪው ቦርሳ ውስጥ ሁለት ዩሮ ጣለ። በእውነቱ በዚያች ሰዓት ከተማችሁ ስምንተኛ መስህብ አግኝታለች፤ በሚቀጥለው ካርታ ላይ ብታወጡን አንቀየምም።

የበሩ ሠራተኛችሁ ግን ጃንጥላ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን በትሕትና ነገረንና በሩ አጠገብ ወዳለው የጃንጥላ ማስቀመጫ አመለከተን። ዕለቱ ዝናብ ስለነበረ ማስቀመጫው በጃንጥላ ሞልቶ ነበር። የሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጃንጥላ ባየች ጊዜ ሌሎች ሰዎች ያስገቡት ስለት መሰላት። የስንቱን ጸሎት ሰምተሃል ብላ እንባዋ መጣ። የራሷን ከሁሉም መካከል በሁለት እጇ አቆመችው። ሠራተኛውም ሠላሳ ስምንት ቁጥር የታተመባትን የነሐስ ምልክት ሰጣት፤ እሷም የስለቱ መቀበያ አድርጋ ስማ ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስገባቻት።

ያን ሳይ ማስተባበል ነበረብኝ። ነገር ግን ወደ ውስጥ እንደገባን ከግድግዳው ላይ፣ ቤቱ በፈረንጆች ከ1803 ጀምሮ አገልግሎት እንደማይሰጥበት፣ መጀመሪያ የእህል መጋዘን፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት፣ አሁን ደግሞ የፈተናና የኮንሰርት አዳራሽ መሆኑን የሚናገረውን ሰሌዳ አነበብኩ። እናቴ በጨርቅ የተሸፈነውን ፒያኖ እየተሳለመች ነበር። አርባ አራት ዓመት የተጠበቀው ስለት ለእህል መጋዘን የተገባ ነበር ብዬ ልንገራት? የነገርኳት ተቀብለውሻል ብዬ ነው። ዋሸኋት፤ አሁንም ቢሆን አልጸጸትም። ስንወጣ ጃንጥላውን ሳንይዝ ወጣን። ማታ ሳህለ ጋ ደውዬ ስወቅሰው፣ ፖስትካርዱን የገዛው ከኪዮስኩ ውስጥ ርካሹ ስለሆነ ብቻ እንደነበር፣ በዚያ አዳራሽም የኬሚስትሪ ፈተና ሁለት ጊዜ እንደወደቀ፣ ይህን ለእናቱ ለመንገር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ወኔ እንዳጣ ነገረኝ።

አራተኛና ዋናው፣ ኢሜይላችሁ ነው። ትኬቱን የቆረጠችው ሃበን ስለነበረች የደረሰውም ለእሷ ነው። ሃበን ዴንቨር የተወለደች ልጅ ናት፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ነገር መደበቅ ግን አታውቅም። ባለፈው እሑድ ፓርክ ሂል በሚባለው የዴንቨር ሰፈር ወንድሜ ቤት ምሳ ላይ እያለን ስልኳን አውጥታ፣ «አያቴ፣ ጉድ ኒውስ! ጃንጥላሽን ፋይንድ አድርገውታል፣ ሺፕ ያደርጉልሻል» አለቻት። ከዚያም የተተረጎመውን አነበበችላት፦ በምልክት ቁጥር ሠላሳ ስምንት የተመዘገበ፣ ባለቤቱ የረሳው፣ አንድ ትልቅ ጌጠኛ ጃንጥላ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልተወሰደ ይወገዳል።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለጥቂት መስመር እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ። ረሳች? ይህች ሴት የእኔን የልደት ቀን ትረሳለች። መድኃኒቷን ትረሳለች፣ ምድጃ ላይ ድስት ትረሳለች፣ የጎረቤቷን ስም በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ያልረሳችው አንድ ነገር ይህ ጃንጥላ ነው! ከዚህ ሁሉ ቃል መርጣችሁ ይህን ቃል መጻፋችሁ ያናድደኛል። ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ ይህ ያናድደኛል።

እናቴ ምሳዋን አልጨረሰችም። በእኛ ዘንድ ስለት ተመለሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስረድቷት አያውቅም፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። አልተቀበለኝም አለች። ሳህለ ተንበርክኮ ጉልበቷን ይዞ፣ የፖስታ ቤት ስሕተት ነው፣ የፈረንጅ ቢሮ ነው፣ ምኑንም አያውቁም ቢላት ፊቱን ብቻ ዳሰሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በወጉ አትበላም። ወንድሜም፣ እሷ እንዲህ ሆና እኔ እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም፣ ቀዶ ጥገናው ይራዘም ይላል። ሐኪሙ ደግሞ መራዘም የለበትም ብለዋል። በኢሜይላችሁ አንድ መስመር የሁለት ሰው ጤና አውካችኋል፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቀላል ውጤት አይደለም።

አሁን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጃንጥላውን አትላኩልን፣ ደግሞም አታስወግዱት። ቤቱን ወደ ቤተ ክርስቲያንነት መልሱልን አልልም፤ ያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ጉዳይ ነው። ቀዶ ጥገናው የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በእናንተ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት ከሠራተኞችዎ አንዱ ጃንጥላውን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ዘርግቶ ይቁም። ማመን አይጠበቅበትም፤ እናቴም ማን ምን እንደሚያምን ጠይቃ አታውቅም። ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ኢሜይል ላኩልን፤ በከተማችሁ ፎቶ ማንሣት እንደሚወደድ በደጁ ላይ አይተናል። ከዘረጋችሁት በኋላ ወደ ቢሮው መመለስ ከፈለጋችሁ፣ ስፋቱ ከአብዛኛው የቢሮ በር ስለሚበልጥ ትቸገራላችሁና እዚያው አዳራሹ ውስጥ ብትተዉት ይሻላል ብዬ በሙያዬ እመክራለሁ።

ደንብ አይፈቅድም የምትሉኝ ከሆነ የደንቡን ቁጥር ጻፉልኝ። እኔም ለእናቴ አነብላታለሁ።

ዳገቱን ላቀናችሁት፣ እስር ቤቱን ላስጌጣችሁት፣ መጋዘኑን ላስከበራችሁት ለእናንተ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በምልክት ቁጥር ሠላሳ ስምንት ባለቤት ስም የምፈርም፣

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
መሓሪ፣ የወይዘሮ ፀሐይ ልጅ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

እንዳይቀር፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት፣ የመጋዘኑን ነገርና የሳህለን ምስጢር እየዘለልኩ፣ ለእናቴ አነበብኩላት። አልወደደችውም። ሦስት ቦታ እንድሰርዝ አዘዘችኝ፤ አንዱንም አልሰረዝኩም። በእሷ ስም እንዳመሰግናችሁ ግን አስምላኛለች። እነዚህ ሰዎች ያኔ ልጄን የማን ልጅ ነህ ሳይሉ አስተኝተው፣ አስታመው የመለሱልኝ ናቸውና ከእኛ በኩል ክፉ ቃል እንዳይሄድባቸው አለችኝ። እነዚያ ሌሎች ሰዎች ነበሩ ለማለት አፌ አልደፈረም።