የእናታችን ጥለትና ስድስት የባትሪ ፍሬ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኤርሚያስ፤ ኬፕ ታውን።

ከሽሮ ሜዳ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ለጓደኛዋ፣ ስልክ የማያነሳ ሰው እንኳ ደብዳቤ ሳይከፍት አይጥልም አለቻት። ስለ ማን እንደምታወራ አላውቅም። እኔ ግን አመንኳትና ከታክሲው እንደወረድኩ ወረቀትና ፖስታ ገዛሁ።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ስትመርጥ ነው የምትውለው? እትዬ ሔለን ደኅና ናት? ሙሽራችን ሚልካስ? ኪብሮን በቁመት አልፎሃል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? እኛ ጋ የኅዳር ብርድ ገብቷል፤ እናንተ ጋ በጋ ነው አሉ። እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት እጽዋት ማዕከል ሄጄ የዛፍ ስም ጽፌ ዛፉ ላይ እሰቅላለሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ጠንካራ ናት ብሎኝ ሄዷል። እኔም አላለቀስኩም። ጥንካሬ ይሁን ድንዛዜ ገና አልለየሁትም፤ ከውጭ ሲታይ ግን ልዩነት የላቸውም መሰለኝ።

የአባባን መርዶ ከተቀበረ በዘጠነኛው ቀን እንድትሰማ ያደረግነው እኔና ጋሽ ዘርትሁን ነን። አባባና እሳቸው ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሲሸምኑ እንደኖሩ ታውቃለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ተሰባስበው በማለዳ በርህን እስኪያንኳኩ ድረስ ጠበቅን። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ደውለህ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አባባ ተኝቷል አልኩህ። እዚህ ሰፈር ማንንም ብትጠይቅ ደግ አደረግሽ ይለኛል። አንተ ግን ሰፈሩ ውስጥ የለህም።

ከዚያ ወዲህ ከአንተ ያገኘሁት አንዲት መልእክት ናት፦ የእማማን የሠርግ ልብስ ጥለት ለሚልካ ሠርግ አሸምኚልኝ፣ እሱም ከጠፋ ከእንግዲህ እንዳትደውዪልኝ። ልብሱ እማማ ተገንዛበት አብሯት ተቀብሯል። አንተ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ እንደነበረው ታስታውሳለህ። እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱንም አላስታውስም። የቀረን የአባባ ኮምፒውተር ብቻ ነበረ፤ ያች የድሮ ደንበኛው ፈረንጅ ትታለት የሄደችው፣ እንደ ሻንጣ የምትዘጋዋ፣ ከብሎኬት ትንሽ የምትቀለዋ። የሸመነውን ጥለት ሁሉ ክር በክር ቆጥሮ እሷ ውስጥ እንዳስቀመጠ ደጋግሞ ነግሮናል።

አቧራዋን ጠርጌ ብሰካት አልነሳም አለች። መርካቶ ወስጄ ባትሪ ይገኝላት እንደሆነ ስጠይቅ ሻጩ አገላብጦ አይቶ፣ እህቴ፣ ይቺን እኛ ጋ ሳይሆን ሙዚየም ነው የምትወስጃት አለኝ። ሁለተኛው ሻጭ ሙዚየሙም አይቀበላት ይሆናል አለ። በመጨረሻ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ቶለሳ የሚባል ሰው አገኘሁ። እሱ አልሳቀም። እንዲህ ያለች ማሽን ባትሪዋ ሙሉ በሙሉ ከሞተ በመብራትም አትነሳም፣ እሱን ሳታይ ሥራ አትጀምርም አለኝ። ግትር ናት በቃ አልኩት። አይ፣ ጠንቃቃ ናት አለ።

የባትሪውን ቅርፊት በምላጭ ዙሪያውን ቀዶ ከፈተው። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ስድስት ፍሬዎች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ነጭ ጨው አውጥተዋል። እነሱን ብቻ ቀይራቸው ስለው፣ አሮጌና አዲስ አብሮ ከታሰረ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል ብሎ ስድስቱንም ነቀለ። ከተሰባበሩ ላፕቶፖች ካወጣቸው ፍሬዎች መካከል ጉልበታቸው እኩል የሆነ ስድስት እስኪያገኝ አንድ በአንድ ሲለካ አረፈደ። አንዱን ፍሬ ገልብጦ ሊያስር ሲል፣ ከጎኑ ልብስ የምትተኩሰው ሃዊ፣ ቶሌ፣ እሳት አስነስተህ ጨርቄን ብታቃጥል ቆዳህን ነው የምተኩሰው አለችው። አቃናው። የተኮሰችውን ሸሚዝ አጠፈችና፣ ማሽኗ የማን ናት አለችኝ። የአባቴ ነበረች አልኳት።

ሲሞላ እንዳይግል በእጅሽ ጀርባ እየነካሽ ጠብቂ ብሎኝ፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳች። ቀኑ ጠፍቶባታል፤ እኔ ወደዚህ ዓለም ከመምጣቴ በፊት ያለ ዓመተ ምሕረት ጻፈች። የአባባ ጥለቶች ግን ሁሉም አሉ፣ አርባ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ የገዢውን ስም ይዟል። የእማማው «የቤት» ይላል። ስከፍተው ሥዕል የለውም፤ ቁጥር ብቻ በረድፍ ተደርድሯል፤ አንድ ለቀይ፣ ሁለት ለአረንጓዴ፣ ዜሮ ለነጭ። ቶለሳ አየት አድርጎ፣ አባትሽ የሂሳብ ሰው ነበሩ እንዴ አለኝ። ሸማኔ ነበር አልኩት። ያው ነው አለ።

ከማሽኗ የሚያወጣው መንገድ ስላልነበረ የሒሳብ ደብተር ገዝቼ ሦስት ቅዳሜ እዚያው ሱቅ እየተቀመጥኩ በቀለም እርሳስ ካሬ በካሬ ገለበጥኩት። አንድ ረድፍ ስቼ እንደገና ጀመርኩ። እንደጨረስኩ ደብተሩን ይዤ ለጋሽ ዘርትሁን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የአባትሽ ቆጠራ ነው አሉ። ይሸመናል ወይ ብላቸው፣ ገና እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ፣ ልጄ፣ ይሄንን እኮ ነው የምሸምነው ብለው የሽመና እቃቸው ላይ ያለውን ገልጠው አሳዩኝ። እናታችን በሞተች በዓመቱ አባባ ቆጠራውን ሰጥቷቸው፣ እሳቸው ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው ሰጥቶ፣ አሁን ሽሮ ሜዳ ውስጥ የማይሰቅለው ሱቅ የለም። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ኮምፒውተር ስታሠሪ ነው የሰማሁት፣ ሌላ የምትፈልጊ መስሎኝ አሉ።

ቢሆንም ለሚልካ የሚሆነውን በልክ እየሠሩላት ነው፤ ጎረቤታችን ኢየሩ ለሠርጉ ወደ እናንተ ስትመጣ ትይዘዋለች። ደብተሩንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ጥለቱ አልጠፋም፤ ስለዚህ በቃልህ መሠረት ልደውልልህ እችላለሁ። እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ፤ ብታነሳው ደስ ይለኛል፤ ባታነሳውም ለሚቀጥለው እሑድ እሞክራለሁ።

እትዬ ሔለንን ጉንጯን ሳሚልኝ በልልኝ ለሚልካ። ሚልካን እኔ በአካል እስክስማት ኪብሮን ይሳማት። ኪብሮንን እንደ እኔ ሆነህ ትከሻውን ምታልኝ። በማለዳ በርህን ላንኳኩት ሽማግሌዎችም አክብሮቴን አቅርብልኝ። ጋሽ ዘርትሁን እግዜር ይባርካችሁ ብለዋል።

ያን ቀን ከጋሽ ዘርትሁን ዘንድ ቤት እንደተመለስኩ ደግሞ የሐዘኑን ነጠላ አውጥቼ አየሁት። ለሐዘን ሲለበስ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጉንጭ እንደሚዞር ታውቃለህ፤ ያንኑ የእማማን ጥለት ለሦስት ሳምንት ከጉንጬ ሥር ይዤው ኖሬያለሁ።

እህትህ ሚስጥር
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.