ሚክያስን ያሻገርንበት ጀልባ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ተገኘ፦

ካለህበት ደቡብ አፍሪካ ድረስ የጌታ ሰላም ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሱቁን መልሰህ ከፈትከው ወይስ ሚክያስ በሩ ላይ ከተገደለ ወዲህ እንደተዘጋ ነው? እባክህ ማታ ማታ ብቻህን አትቆይበት። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ይኸው አባባ ከፊቴ ተኝቷል። ይህን የምጽፍልህ ሆሳዕና ሆስፒታል ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው።

በስልክ፣ አባባ የሚክያስን የሬሳ ሳጥን በእጁ ነክቶታል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ዘጋሁብህ። እዚህ ሁሉም ሰው፣ ብቻውን ስለሆነ የአባባን ጉዳት አትንገረው ይላል። ግን የወንድማችንን አስከሬን ገንዘህ፣ አልቅሰህ የላክኸው አንተ ነህ፤ ካንተ መደበቅ አልሆነልኝም። የሰፈራችን ልጅ አሕመዲን ወደ እናንተ ስለሚመጣ ደብዳቤውን ይዞልህ ይመጣል።

አንተ ከሄድክ በኋላ የግድቡ ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚወስደውን መንገድ እንደዋጠው ሰምተሃል። እኔም ባጃጄን ትቼ በዚያ ውሃ ላይ ሰው የማሻግር ጀልባ ነጂ ሆኛለሁ። ጀልባው እንደሌሎቹ ከስሩ የሚሽከረከር መቅዘፊያ የለውም። ውሃ በሆዱ ስቦ በኋላው ይተፋል፤ የሚሄደውም የሚታጠፈውም በሚተፋው ውሃ ነው። ያስተማረኝ ፈትሁዲን የሚባል ሰው ገና ስንጀምር ባጃጅህን እርሳ አለኝ። ባጃጅ ልታቆም ስትል ነዳጅ ትቀንሳለህ፤ ይሄኛው ነዳጅ ከቀነስክበት መሪውን ብታዞር ባታዞር አይሰማህም፣ ነፋስ ወደፈለገው ይወስደዋል። ስለዚህ ዳር ስትጠጋ ሞተሩን እያስጮህክ፣ ከኋላ ያለውን የውሃ መውጫ ክዳን በከፊል ታወርድበታለህ። ያን ጊዜ ውሃው ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ይገፋና ጀልባው እያጓራ ባለበት ይቆማል፤ መሪው ግን በእጅህ ነው። ጩኸቱ የአንበሳ፣ አካሄዱ የኤሊ። ተሳፋሪው ሁሉ ሊያላትመን ነው ብሎ ይሰድበኛል፤ ለምጄዋለሁ።

የሚክያስ ሳጥን ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል እስከ ውሃው ዳር በመኪና መጣ። ሌላ ሰው ይንዳ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ወንድሜን የማሻግረው እኔ ነኝ አልኩ። አጎታችን ሆሴዕ ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ሳጥኑን ይዞ ተሳፈረ።

የወዲያኛው ዳር በሰው ጠቁሯል። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ስንቃረብ አባባ ጋቢውን እንደለበሰ ውሃው ውስጥ ገባ። ልጄ መሬት ከመንካቱ በፊት በእጄ ልቀበለው ብሎ ነው። ሰዉም ተከትሎት እስከ ወገቡ ገባ። እኔ ክዳኑን በከፊል አውርጄ፣ ሞተሩን እያስጮህኩ፣ ውጡ፣ ውጡ እያልኩ በእጄ እጠቁማለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አጎታችንን ታውቀዋለህ፤ ሥርዓት ከሚፈርስ ቤቱ ቢፈርስ የሚመርጥ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ስትደርስ ሞተርህን ከሩቅ አጥፍተህ ቀሪውን መንገድ በእግርህ ነው የምትሄደው። እኔ ራሴ ባጃጅ ስነዳ ለቅሶ ቤት አጠገብ ሞተር አስጮኼ አላውቅም። አጎታችን፣ በወንድምህ ሬሳ ላይ ሞተር ታስጮሃለህ፣ አታፍርም ወይ አለኝና እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ፣ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው።

ጸጥ አለ። መሪውን አዞርኩት፤ በከንቱ። ነፋሱ ጀልባውን በጎኑ አዙሮ ወደ ሰዉ ገፋው። ሌላው እየተራወጠ ወጣ፤ አባባ ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ሳጥኑ ይመጣ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ፣ ክዳኑን እስከ ታች አውርጄ ወደ ኋላ ልሸሽ ስል የጀልባው ጎን አባባን ከዳሩ ድንጋይ ጋር አጣብቆታል። ሲጮህ ሰማሁት። ከዚህ በላይ ያለውን ሆድ ይፍጀው።

ወደ ኋላ ሸሽቼ እንደገና መጣሁ። አሁን ውሃው ውስጥ ማንም የለም፤ አጎታችንም ሳጥኑን አቅፎ ተቀምጧል። ሞተሩን እያስጮህኩ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ፣ መሪውን በጥቂቱ እየነካካሁ አስጠጋሁት። ድንጋዩን ሲነካ መሃሉ እንቁላል ቢኖር አይሰበርም ነበር። እንደዚያን ቀን አሳምሬ አስጠግቼ አላውቅም። ምን ያደርጋል!

አባባን ሣር ላይ አስተኝተውት ነበርና ሳጥኑን አጠገቡ አወረድንለት። እጁን ልኮ ዳሰሰው፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ አላነሳውም። የጥያቄህ መልስ ይኸው ነው፤ ነክቶታል፣ ግን ተኝቶ ነው። ሚክያስ ሲቀበር አባባም እኔም አልነበርንም። በዚያው ጀልባ አባባን ለሆስፒታል መልሼ እያሻገርኩት ነበር።

ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሞቹ በዚህ ዕድሜው ዳግመኛ ይራመዳል ብላችሁ አትጠብቁ ብለውናል። አጎታችን በየቀኑ ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ትናንት አባባ አስጠርቶት፣ ሞተሩን ያጠፋኸው ለልጄ ክብር ብለህ ነው፣ እኔም ብሆን አጠፋው ነበር አለው። አጎታችን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ገና ከልቤ አልወጣልኝም።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። የሚክያስን ፎቶ ግድግዳው ላይ ስትሰቅል ያንተን አወረደችው፤ ከሞተ ሰው ጎን አላስቀምጠውም ብላ ሣጥኗ ውስጥ ደብቃዋለች። እህታችን አቢጋኤል ከአባባ ራስጌ ሳትለይ ሰላም በልልኝ ትላለች። ፈትሁዲን ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ ብሏል። አጎታችንም ሰላም ብሎሃል፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

አባባን ምን ብዬ ልጻፍለት ስለው እንዲህ በለው አለኝ፦ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና። እኔ ከእንግዲህ ቆሜ ልቀበልህ አልችልም፤ አንተ ግን በእግርህ ና።

ወንድምህ ሲላስ
ሆሳዕና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.