ከማኒፌስቶው የወጣው ቦረቦር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለኬኔቹኩ፣

ድምፅህን በስልክ እየሰማን መልክህ ከናፈቀን ከእኛ ከቤተሰቦችህ የከበረ ሰላምታ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እዚያ ቻይና፣ ጓንዡ ላይ የያዘህ ያ ሳል ለቀቀህ? ምግቡስ ተስማማህ ወይስ አሁንም ሩዝ በሩዝ ነው? እናታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ "ከስቶ እንደሆነ ጠይቂው፤ እንዳይዋሽ ደግሞ" እያለችኝ ነው። ከስተሃል ወይ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ቢበረታም ጣሪያው አላፈሰሰም፣ የተከልነው ያምም ጥሩ ሥር ይዟል። ደህና ነን ያልኩህ ግን፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሥራ አገኘሁ ብዬህ ምን ሥራ እንደሆነ ሳልነግርህ መስመሩ ተቋረጠ። በክቡር ኦኑራ ኢቤግቡ የምርጫ ዘመቻ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ለአቡጃው ሴኔት ከእኛ አካባቢ ሊወዳደሩ ተነሥተዋል። የሕይወት ታሪካቸውንና የፓርቲውን አቋም ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ የምጽፈው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ዘበኛ ልጅ ናቸው። ሌጎስ ገብተው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ እየሸጡ ከብረው፣ ከዚያ ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስጽፈውም ልቤ ተነክቶ ነበር። ችግሩ በየመንደሩ ስንዞር "እናታቸው የማን ልጅ ናት?" መባላችን ነው፤ በእናት በኩል ዘመድ ያልሆነን ሰው ማን ይመርጣል? ስለዚህ በደረስንበት ሁሉ አንዲት ቅድመ አያት ይገኛሉ። የቢሮው ሾፌር ኢኬምባ "አንቺ ኡዞ፣ ለእኚህ ሰውዬ ስንት አያት ልትወልጂላቸው ነው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እኔን እዚያ ቢሮ ያስገባኝ ግን ደሞዙ ሳይሆን ቦረቦሩ፣ ያ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው። አንተ ስትሄድ ቦረቦሩ ከጎረቤቶቻችን ከእነ ንዋፎር ጓሮ ወዲያ ነበር። አሁን የእነ ንዋፎር ጓሮ የለም። ቤታቸውም የለም፤ ኦኒቻ ከተማ ተከራይተው ገብተዋል። አባታችንን ከጥላው ሥር ያሳረፍክበት የኡዳራ ዛፍ ባለፈው ክረምት ተገንድሶ ወርዷል። ዛሬ ከመቃብሩ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፎ የሚተኛ ሰው እግሩ ገደሉ ላይ ይንጠለጠላል።

ክቡርነታቸው ያኔ በፋኖሱ ፓርቲ ነበሩ። የፋኖሱ ፓርቲ መንደሮች የራሳቸው ፖሊስ ይኑራቸው፣ ግዛቶች የራሳቸውን መብራት ያመንጩ፣ ቦረቦርን ግን የፌዴራሉ መንግሥት እንደ ወራሪ ጠላት ቆጥሮ ከማዕከል ገንዘብ ይመድብለት ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን አንቀጽ የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ "እንደ ወራሪ ጠላት" የሚለውም የእኔ ነው። በበጋው ወደ ግቢያችን ይዣቸው መጣሁ። አጎታችን ኡዴምባ ለእንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ባርኮ ቆረሰ። ከዚያ ክቡርነታቸው ከአባታችን መቃብር አጠገብ ቆመው ቀይ ቆባቸውን አወለቁና "እማማ፣ ይሄ ገደል የእርስዎ ብቻ አይደለም። ባልዎን ጎርፍ ከወሰዳቸው እኔ ምኑን ሴናተር ሆንኩት?" አሉ። እናታችን አለቀሰች። ፎቶ አንሺው አነሳቸው፤ ትልቁ ፖስተር የሆነው ያ ፎቶ ነው።

በሜይ መጨረሻ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ሆነና ተሸነፉ። ኢኬምባ እንደሚለው ተወካዮቹ የእኛን ሩዝ በልተው ድምፃቸውን ለዚያኛው ሰጡት። ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ሰበሰቡንና ወደ ዘንባባው ፓርቲ ገብተናል አሉን። የዘንባባው ፓርቲ መንገዱን፣ ውኃውን፣ አፈሩን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ይቻለው፣ ማዕከሉ እጁን ይሰብስብ ባይ ነው። የእብድ ሐሳብ እንዳይመስልህ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እኔው ራሴ ለዚህ አቋም ተከራክሬ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ያኔ ግን ገደሉ ሩቅ ነበር።

ደወሉልኝ። "ኡዞ ልጄ፣ ያቺን የቦረቦሯን አንቀጽ አውጫት" አሉኝ። "ክቡርነትዎ፣ አባቴ እኮ እዚያ ነው" አልኳቸው። "አውቃለሁ ልጄ። ሳልመረጥ ግን ምን ላደርግለት እችላለሁ? መጀመሪያ እንግባ" አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ኢኬምባ "ባታወጪው ሌላ ሰው ያወጣዋል" አለኝ፤ አወጣሁት።

አርፌ መቀመጥ እንደማልችል ታውቃለህ። ያንኑ አንቀጽ ይዤ፣ ያሸነፋቸው የፋኖሱ ዕጩ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ሰዎች አንብበው ወደዱት። የየት መንደር ቦረቦር እንደሆነ ሲሰሙ ግን ወረቀቱን መለሱልኝ። "እሱ ገደል ላይ የኢቤግቡ ፎቶ አለበት፤ የእሱ ነው፤ እኛ ሌላ ገደል አለን" አሉኝ። እንግዲህ ይኸውልህ፣ ገደላችን ከአንደኛው ማኒፌስቶ ወጥቶ ሌላኛው ውስጥ እንዳይገባ ሆኖ ቀረ። ፖስተሩ ገበያው መገናኛ ላይ አሁንም ቆሟል። ፋኖሱ ላይ ዘንባባ ለጥፈውበታል፤ ከጉልበታቸው አጠገብ የአባታችን መስቀል ይታያል። የገበያ ሴቶች እናታችንን "እመት ፖስተር መጣች!" ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ ግን በፖስተሩ በኩል አታልፍም።

ባለፈው ሳምንት ሲያዘንብ ሰንብቶ ሌላ ቁራጭ ተናደ። አጎት ኡዴምባ ጋ ሄጄ አፅሙን ወደ ፊት ግቢ እናዛውር ብዬ ለመንኩት። "አንቺ ምሩቅ" አለኝ፣ "የመጀመሪያዋን አፈር የሚያነሳው የበኩር ልጅ ነው። ዲግሪሽ ጢም አበቀለልሽ እንዴ?" ኬኔ መምጣት አይችልም፣ የመኖሪያ ወረቀቱ አልተስተካከለም፣ ከወጣ አያስገቡትም አልኩት። "ታዲያ ማን ሂድ አለው?" ብሎ ጮኸብኝ፤ ሂድ ያለህ ራሱ መሆኑን ረስቶት። ስልኬን መቃብሩ ላይ ላድርገውና ኬኔ ራሱ ይናገር ብል የዘመድ ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ፤ ከዚያ ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። በመጨረሻ ኡዴምባ "የለበሰውን ልብስ ይላክ። ያልታጠበ፣ ላቡ ያለበት። በአካሉ ምትክ እሱን ይዘን እንነጋገራለን" አለ። እንነጋገራለን ነው ያለው፤ እሺ አላለም። የቀሩት ሽማግሌዎች እስካሁን አሻፈረኝ እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የለበስከውን ሸሚዝ ላክልኝ። አውቅሃለሁ፣ አፍረህ አዲስ ትገዛለህ፤ እንዳትገዛ። እንዳታጥበውም። በመርከብም እንዳትልከው፣ መርከብ ይዘገያል፤ በአውሮፕላን ወደ ኦኒቻ ለሚመለስ ነጋዴ ስጠው። ይጠቅም አይጠቅም አላውቅም። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ ነገር ግን የለኝም። እናታችን በየማለዳው አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላች ገደሉ አፍ ላይ ትደረድራለች፤ እኔም ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት እሸከምላታለሁ። ማታ ስንመለስ ከረጢቶቹ ታች ናቸው።

እናታችን ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ከስተህ እንደሆነ ሳትመልስላት እንዳትቀር። ታናሻችን ኦቢያጌሊ ፈተናዋን አልፋለች፤ የላክህላት ጫማ ቢጠባትም ታመሰግንሃለች። አጎት ኡዴምባ "በሕልሜ አየሁት በዪው" ብሏል፤ ቢጮህም ይወድሃል። ኢኬምባ ሳያውቅህ ሰላም ይልሃል። አባታችንም ሰላም ይልሃል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እስካሁን ካሳረፍክበት ቦታ ነው።

እህትህ ኡዞአማካ

ኡሙዴሌ፣ አናምብራ
ጁን 28 ቀን 2022