የ«አይሆንም» ገጽ

ጥር 6

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ሦስት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ፣ ከሰዓት በኋላ አራት ተማሪ ምክር። የምክር ክፍሌ ያው ከስፖርት ዕቃ መጋዘኑ ጎን ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔ ስለ ልጆች ዕድል ሳወራ ወዲያ ማዶ ኳስ ይነጥራል። ለምጄዋለሁ።

አንዱን «ሰባ በመቶ» አልኩት፤ በሩን ሳይዘጋው በረረ። ሌላዋን «አርባ» ብያት ፊቷ ጠቆረ። ሁለቱ «አይሆንም» ናቸው፤ ታችኛውን ኮሌጅ አስሞልቼ ሸኘኋቸው።

«ሚዛን» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል… ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ላይኛው ኮሌጅ ማን እንደሚገባ ከኮሌጁ ቀድሜ አውቃለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተናገርኩት መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም። ሰማያዊው ደብተር ምስክሬ ነው።

የግራ መንጋጋዬ ዛሬም አመመኝ። ባለቤቴ «ታይ እንጂ! የሰው ልጅ ዕድል ታያለህ፣ የራስህን ጥርስ አታይም» አለችኝ። አፍ አላት።

ጥር 7

የልብስ ሰፊዋ ልጅ መጣች። ሒሳብ 91፣ ፊዚክስ 88፣ ቋንቋ 64። ላይኛው ኮሌጅ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ልትማር ትፈልጋለች። ከመቶ አመልካች አስር የማይቀበል ክፍል!

እንደ ልማዴ ደንቡን አነበነብኩላት። ምርጫ የሚሞላው አንዴ ነው። ታችኛው ኮሌጅ አንደኛ አድርጎ ለመረጠው፣ ደህና ውጤት ካለው፣ ቦታ አይነፍግም። ላይኛውን አንደኛ ጽፎ የወደቀ ግን ታችኛውንም ያጣል። ቀሪው ሩቁ ኮሌጅ ነው፣ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን። «ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆኚ» አልኳት።

አሰላሁ። አስራ ሁለት በመቶ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ለልቅሶ የተዘጋጀ መሐረብ አለኝ። «አስራ ሁለት ከየት መጣ መምህር?» አለች። ደስ አለኝ፤ እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ብርቅ ነው። ደብተሩን ከፈትኩላት። «የአዎ» ገጽ፦ «ትገባላችሁ» ካልኳቸው ስልሳ አንዱ ሃምሳ አራቱ ገብተዋል። «የአይሆንም» ገጽ፦ አርባ ሦስት ልጅ፣ አርባ ሦስቱም «አልገባም»። አንድም አልተሳሳትኩ።

ትንሽ አየችውና «ከአርባ ሦስቱ ስንቶቹ አመለከቱ?» አለች።

ደወል ተደወለ። እንደዛሬ ደወል ወድጄ አላውቅም።

ጥር 8

ምን ብለው ያመለክታሉ? አይሆንም ተብለው? … የልጅ ጥያቄ ነው።

ጥር 11

ሄዶ ሄዶ የልጅ ጥያቄ አልሆነም።

ቅዳሜን ሙሉ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ስም አለ፣ ውጤት አለ፣ የእኔ ቁጥር አለ፣ በመጨረሻ «ገብቷል» ወይ «አልገባም»። «አመልክቷል» የሚል ዓምድ የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አልታየኝም፣ ሒሳብ አስተማሪው!

አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ፊት አልረሳም። አርባ ሁለቱ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ታችኛውን አንደኛ ብለው ሞልተዋል። የአንዳንዶቹን ቅጽ በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ «ጽሕፈትህ አይነበብም፣ አምጣ» እያልኩ።

አንድ ልጅ ብቻ ቅጹን ቤቱ ወስዶ ሞላው። ያ ዝምተኛው፣ የኋላ ወንበር። ስምንት በመቶ ብዬው ነበር። ተመልሶ አልመጣም። ጎኑ ላይ «አልገባም» ብያለሁ። ማን ነገረኝ? … ማንም። ቢገባ መጥቶ ይነግረኝ ነበር ብዬ መሆን አለበት።

ይሁን። ግምቴ ግን ልክ ነው። ስምንት ስምንት ነው።

ጥር 14

ሰፊዋ ራሷ መጣች፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ። ከሥራ ተነስታ ነው የሮጠችው፤ እጅጌዋ ላይ ክር ነበር።

«መምህር፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ልጄ እንቅልፍ ነስታኛለች።»

«አስራ ሁለት በመቶ ነው።»

«ሰማሁ። አስራ ሁለት ማለት ምን ማለት ነው? ትገባለች ነው አትገባም?»

«እንደሷ ካሉ መቶ ልጆች አስራ ሁለቱ ይገባሉ።»

«መቶ ልጅ የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ናት» አለች። ሳትስቅ። ቀጥላ «እንግዲያው ታችኛውን ትሙላ። አባቷ ቢኖር ይወስን ነበር… እርስዎ ያሉት መች መሬት ጠብ ይላል» ብላ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ሌላ ጊዜ ይህችን ቃል ስሰማ ደረቴ ይነፋል። ዛሬ ትንሽ ቆረቆረኝ። ቅጹ የሚዘጋው የካቲት 8 ነው።

ጥር 22

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ባለቤቴ እየጎተተች አዲሱ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነጭ ክፍል፣ እግር የሚያስዘረጋ ወንበር። ሐኪሙ ጭንብል አድርጓል። አፌን አስከፈተኝ፣ መስታወቱን ከተተ፣ አንድ መንጠቆ ነገር ከተተ… ከዚያ ቆም አለና «መምህር ሚዛን!» አለ።

መልስ መስጠት አልቻልኩም። አፌ ውስጥ ሁለት ብረትና አምስት ጣት አለ።

«አላስታወሱኝም? ስምንት በመቶ ብለውኝ ነበር።»

ዝምተኛው! የኋላ ወንበር! አይኔ ብቻ ነው የፈጠጠው። እሱ እየቆፈረ ያወራል፤ ለካ ዝምተኛ አይደለም። ቅጹን ወስዶ ላይኛውን ሞላ፣ ተፈተነ፣ ገባ፣ ተማረ፣ ይኸው። እኔ «አ… አ…» እላለሁ። «ያምዎታል?» ይለኛል። አዎ ያመኛል!

አፌን ሲለቅልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ለምን አልነገርከኝም?» ነው።

«አኩርፌ ነበር» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ሁለት ዓመት ያህል። ከዚያ ትምህርቱ በዛና ማኩረፉን ረሳሁት።»

ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆማ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ደህና ነው፣ ትሳቅ።

ጥርሱስ ይተርፋል ወይ አልኩት። «ሌላ ቦታ ቢሄዱ ይነቀል ይሉዎት ነበር። ሥሩ ግን አልሞተም። ልሞክረው?» ስንት በመቶ ይተርፋል አልኩት። ልማድ አይለቅም። አየኝና «እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ» አለ።

ይሞክረው አልኩ።

ጥር 23

ደብተሩ ላይ «አልገባም» የሚለውን ሰረዝኩ። «ገብቷል። የጥርስ ሐኪም ነው» ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልቀለለኝም።

እስቲ ረጋ ብዬ ላስላው። «አይሆንም» ካልኳቸው ውስጥ ያመለከተ፦ አንድ። የገባ፦ አንድ። መቶ በመቶ! ለተማሪ ብነግረው ይስቅብኛል። ከአንድ ልጅ ምንም አይሰላም፣ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ግን እኮ ከእሱ ሌላ ያለኝ ባዶ ነው። ስምንቱን፣ አስራ ሁለቱን ከየት ነበር የማመጣው? ከራሴው ደብተር። ደብተሩን የሞላው ማን ነው? እኔው። ራሴ ከሳሽ፣ ራሴ ዳኛ።

አርባ ሁለት ልጅ። ኮሌጁ አልከለከላቸውም፤ አይቷቸውም አያውቅ። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

አፈርኩ።

ጥር 26

ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። ሱቋ ከዳቦ መጋገሪያው ቀጥሎ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ ያላለቀ ኮት። ልጅቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጨርቅ በሳሙና ታሰምራለች። መስመሯ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ተማሪ ቤት ሄጄ አላውቅም ለካ።

«ጥያቄሽን ልመልስ መጣሁ» አልኳት። «ካመለከቱት አንድ ነው። እሱም ገብቷል።»

እጇ ቆመ። እናትየው መኪናዋን አቆመች።

«ታዲያ አስራ ሁለቱስ?» አለች እናት።

«አስራ ሁለቱን ተዉት። የተሳሳተ መለኪያ ነው።»

«እሺ ትክክለኛው ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ወይ ጉድ! አሁን ነው የማያውቁት? ሀገር ሙሉ ሲያስሞሉ ኖረው?» መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ሐቅ ነው። ብትወድቅ ሩቁ ኮሌጅ እንደምትሄድ፣ ይህ እንዳልተለወጠ ደግሜ ነገርኳቸው። የምችለውም አንድ ነገር ነው አልኩ፤ 64ቷን ከፍ ማድረግ። የቋንቋ መምህሯን አነጋግሬያለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ታስጠናታለች፣ በምትኩ የፈተና ጥበቃዋን እኔ እወስድላታለሁ።

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «ልብሱን የምትለብሺው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ቢጠብሽ እንዳታማርሪኝ።»

ልጅቷ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። በስክሪብቶ፣ በራሷ እጅ፣ ላይኛው ኮሌጅ አንደኛ።

ከሱቁ ስወጣ ምን እንደተሰማኝ… ቀለለኝ። በእውነት ቀለለኝ።

የካቲት 8

ቅጾቹ ተላኩ። በፊት ቢሆን የማስቀራቸው ዘጠኝ ልጆች ላይኛውን አንደኛ ጽፈዋል። ለሁሉም ደንቡን ነገርኩ፣ ቁጥር ግን አልሰጠሁም። ደብተሩ ላይ ለራሴ ጽፌያቸዋለሁ፤ አንዱም ከአስራ አምስት አያልፍም።

ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። «ምን ነካህ? የሚወድቁብን ሲበዙ ስማችን ምን ሊሆን ነው?»

«የሚፈተኑልን በዙ በል እንጂ» አልኩት።

«ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ።» ወንበሩን እንኳ ሳልስብ ቆሜ ነው ያልኩት።

መጋቢት 17

የቋንቋ መምህሯ የልጅቷን ድርሰት አሳየችኝ። ስለ አንድ የኮት እጅጌ ነው፤ እንዴት ተፈቶ እንደገና እንደሚገጠም። አንድ ገጽ ተኩል። አንብቤ ስጨርስ የራሴን እጅጌ እየነካካሁ ነበር። «ሰባ ስምንት ሰጠኋት» አለች። እኔ ብሆን ሰማንያ።

ሚያዝያ 20

የላይኛውን ኮሌጅ መግቢያ ተፈተኑ። እኔ በር ላይ ቆምኩ፣ ምንም ሥራ አልነበረኝም። ስትወጣ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ቀለም ነክቶታል።

ሐምሌ 2

ላይኛው ኮሌጅ የገቡትን ዝርዝር ላከ። ከዘጠኙ ሦስቱ አሉበት! በእኔ ቁጥር ቢሆን አንድ ቢገባ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ዘጠኝ በመቶ ብዬ የጻፍኩላት ናት።

የሰፊዋ ልጅ የለችበትም።

ሁለቴ፣ ሦስቴ አነበብኩት። ድሮ ቢሆን እዚያው ቆሜ «አልገባችም» ብዬ ጽፌ፣ ደብተሩን ከድኜ፣ ምሳ እሄድ ነበር። ዛሬ ደብተሩን በብብቴ ይዤ ቤት መጣሁ፣ አልከፈትኩትም። ነገ ሄጄ ከራሷ አፍ እሰማለሁ። ይቆጡኛል። ይቆጡኝ።

ሐምሌ 3

ሄድኩ። ልጅቷ ቁልፍ ትተክላለች፤ አይኗ አብጧል። እናትየው ወንበር ሳበችልኝ።

«ትናንት ቢመጡ ኖሮ እንጣላ ነበር» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስሰድብዎት አደርኩ። ይህችው ናት ያስቆመችኝ።»

«እውነት ነው፣ አልገባሁም» አለች ልጅቷ። «ደውዬ አረጋገጥኩ። በአራት ነጥብ ነው። ሩቁ ኮሌጅ የመሬት ቅየሳ ደርሶኛል።»

አዘንኩ። አልሸሸግኳትም፤ «ልቤ ተሰብሯል» አልኳት። «ተቆጨሽ?»

«ሌሊት ተቆጭቼ ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ከእኛስ ስንት ገባ?»

«ከዘጠኛችሁ ሦስት። አንዷን ደብተሬ ላይ ዘጠኝ በመቶ ብያት ነበር።»

«እኔ እኮ አስራ ሁለት ነበርኩ!» አለችና ሳቀች። እናቷም ሳቀች። እኔም… በግራ በኩል ጭምር አፌን ከፍቼ። ጥርሱ ተርፏል፣ ካነሳሁት አይቀር።

ቀጥላ «ላይኛው ከዓመት በኋላ በዝውውር ይቀበላል፣ ጠይቄያለሁ» አለች። ማንን ጠየቅሽ ብላት፣ «ኮሌጁን ነዋ። ዕድሌን እርስዎን አልጠይቅም።» እናቷ «አፍሽን ያዢ!» አለቻት። እኔ ግን እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

ከዚያ ደብተሩን አምጡት አለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ቁልፎቹ መሃል ዘረጋሁት። «ከዘጠኝ ሦስት፤ ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሦስት» አለች። «ነጥቧንም ይጻፏት።» ጻፍኩ። «አመልክቷል» ብዬ ባሰመርኩት አዲስ ዓምድ ላይ፣ በስሟ ትይዩ «አመልክታለች» አልኩ። ቀጥሎ ያለው ላይ እጄ ቆመ። «ይጻፉት እንጂ» አለች፣ «እውነት ነው።»

«አልገባችም» ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን አምስቱን እስክጠይቃቸው አልጽፍም። በዚህ የ«አይሆንም» ገጽ ላይ «አልገባም» የሚለው እንደገና አርባ ሦስት ሞላ። ከአርባ ሦስቱ ጠይቄ፣ አውቄ የጻፍኩት ይህን አንዱን ብቻ ነው።