በትንሽ ጣት የተሸፈነው መርከብ

ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለዳኤንግ ፓቤታ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? ቤሴ ሱኒስ ከወባው ተነሣች? የጫካው ቃጠሎ ጭስ እናንተ ያላችሁበት ታዋው ድረስ መጥቶ ሰማዩን ዘግቶባችሁ ይሆን? እኛ ባለቤቴ ላባኮም፣ ልጄ ኑርሊያም፣ እኔም በአላህ ፈቃድ ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልዎትም። እጄ ቶሎ ስለማይጽፍ ይህን ወረቀት ከያዝኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከሁሉ በፊት የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ፤ ሳኑሲ ደርሷል ወይ? ልጅዎ ከቤቴ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ለማንም ሳይነግር እንጨት ጫኝ ጀልባ ላይ ወጣ። ወደ እናንተ ነው የሚሄደው ብሎ የነገረን ጀልባውን የጫነው ሰው ነው፤ ከእሱ ሌላ የምናውቀው የለም።

በቴሌግራም የላክንልዎ ልጄ ማኩላው ባሕር ላይ እንዳረፈብን ብቻ ነበር። እንዴት እንደሆነ አልነገርንዎትም። አሁን ልንገርዎ፣ የሳኑሲም ነገር ከዚሁ ጋር ነውና።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን ነው። ከዙህር ሶላት በፊት በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር ዓሣ እያሰጣሁ ነበር። የሚመጣውን ጀልባ ቀድማ ያየችው ኑርሊያ ናት። ሁለት ልከን አንዱ ብቻ ነው የተመለሰው አለችኝ። ጭሱ ነው የከለለብሽ፣ ደህና አድርገሽ እዪ ብዬ ተቆጣኋት። ሲጠጋ ጀልባው የኛ አልነበረም። ሳኑሲ በሰው ጀልባ መሃል ተቀምጧል፤ መቅዘፊያችንን ታቅፎ ይዞታል፤ ዓይኑን አያነሣም። የያዝኩት ዓሣ ከእጄ አልወደቀም፤ ሌሎቹ አጠገብ በሥርዓት አስተካክዬ አሰጣሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የአባታችንን መለኪያ ያስታውሱታል። ባሕር ላይ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ሩቅ ያለ ትልቅና ቅርብ ያለ ትንሽ አንድ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ እጃችሁን ዘርግታችሁ በጣታችሁ ለኩት፣ ከዚያ ሰው ፈልጉበት ይለን ነበር። የሰው ቁመት የትም አገር ያው ነው፤ ሰውየውን ካገኛችሁ የጀልባውን ልክ አወቃችሁ፣ ልኩን ካወቃችሁ ርቀቱን አወቃችሁ ይል ነበር። ላባኮ ይህንኑ ከአባታችን ተምሮ ለሁለቱ ልጆች አስተማራቸው። ማኩላው ገና ሕፃን ሳለ ጨረቃን በትንሽ ጣቱ ሸፍኖ፣ ይቺማ ከኔ ጥፍር ታንሳለች እያለ ያስቀን ነበር።

ሳኑሲ እንደነገረን፣ ያን ቀን መረቡ ከሥር ተጠላለፈባቸው። ዓሣ ጥላ ብሎ እንዲሰበሰብ ቅጠል አንጠልጥለን ያሰርነው የቀርከሃ ርብራብ አለን፤ መረቡ የተያዘው በእሱ ገመድ ነው። ማኩላው ጠልቆ ሊፈታው ልብሱን አወለቀ። ጭሱ ውስጥ አንድ ጠቆር ያለ ነገር ይታይ ነበር። መረቡን እንደያዘ፣ ምን ያህላል ብሎ ጠየቀው። ሳኑሲ እጁን ዘርግቶ ለካ፤ ትንሽ ጣቱ ሸፈነው። እንደተማረውም ሰው ፈለገ፤ አንድ ሰው ከነገሩ ፊተኛ ጫፍ ላይ ቆሞ አየ።

«ትንሽ ጀልባ ነው፤ ሰው ቆሞበታል» አለው።

«እንግዲያው ይጠብቀና፤ የምታስቸኩለው ሚስቱ ናት እንዴ?» አለ ልጄ፣ እየሳቀ ጠለቀ። ከአፉ የወጣው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው፤ እወድለታለሁም፣ ያቃጥለኛልም።

ሦስተኛ ትንፋሹን ወስዶ ሲወርድ ሳኑሲ እንደገና ለካ። አሁን መዳፉም አልሸፍን አለው። ጠላቂ በሚጠራበት ልማድ የጀልባውን ወለል በመቅዘፊያ ደበደበ፣ ደበደበ። ማኩላው ሰምቶ ወጥቷል፤ ራሱን ከውኃው አውጥቶ አይቶታል። የደረሰባቸው ከሰል የሚጭን መርከብ ነው፤ ሰው የመሰለው የመርከቡ ምሰሶ ኖሯል። ማዕበሉ ጀልባችንን ገለበጠው፤ ሳኑሲ ርብራቡ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ማኩላውን ግን ውኃው ወሰደው። ልጄን በሁለተኛው ቀን አገኙልን። መቃብር ቆፋሪው የቁመቱን ልክ በቀርከሃ ወስዶ ሲያልፍ፣ ቀርከሃው ረዘመብኝና ያለ ልኩ ነው የቆረጥከው አልኩት። አይደለም፣ ልኩ ይኸው ነው አለኝ። ልጄ ያን ያህል መርዘሙን አላውቅም ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። በሰባተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ለዱዓ በተቀመጠበት፣ ሳኑሲ ሻይ ሲያቀርብ «ዓይንህ ሰው ከምሰሶ ካልለየ ምነው ዝም ባልክ?» አልኩት። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት አልወጣም። ከወለሉ ሥር መረቡ አጠገብ ይተኛል፣ ምግቡን ኑርሊያ ታወርድለታለች። የኔ ቃል ወደ መንደሩ ወጣ፤ ወደብ ላይ ያሉት ጎረምሶች ሲያልፍ፣ ሳኑሲ፣ ያ የቆመው ሰው ነው ወይስ ፍየል እያሉ ጠየቁት። ሰምቼ አልተቆጣኋቸውም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኛል። ላባኮ ብቻ፣ ተዪው ይለኝ ነበር፤ አልተውኩትም።

ሳኑሲ ከሄደ በአራተኛው ቀን ላባኮና እኔ ጠዋት የወደቡ የእንጨት ድልድይ ላይ ቆመን ነበር። የት እንደደረሰ የሚነግረን ጀልባ ይመጣ እንደሆነ ብለን ነው። ጭሱ እንደ ተቀደደ ነጠላ ሳሳ አለ፣ በዚያ ውስጥ አንድ ነገር ታየን። ላባኮ ወዲያው እጁን ዘረጋ፤ ትንሽ ጣቱ ሸፈነው። ጀልባ ነው፣ አንድ ሰው ቆሞበታል አለ። እኔም አየሁት። ቀይ ልብስ ለብሷል አልኩ። ብቻውን መረብ የሚጎትተው ምን ዓይነት ሰነፍ ጓደኛ ቢኖረው ነው አለ ላባኮ፤ ልጃችን ከሞተ ወዲህ ቀልድ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሳኑሲን አይቶት እንደሆነ እንጠይቀዋለን ብለን ጠበቅነው።

ከባሕሩ ነፋስ መጣና ጭሱን ገለጠው። በእኛና በጀልባው መካከል ደሴት ታየ። የደሴቱ የኮኮናት ዛፎች ከጀልባው ሥር እንደ ሣር ሆነው ቆመዋል። ጀልባ አልነበረም፤ ትልቅ መርከብ ነው። ቀይ ልብስ ያለበስኩት ሰው ቀይ የተቀባ ብረት ነው፤ ከመስጊዳችን ሚናራ ይበልጣል። ቀጥሎ ከብረቱ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ የሩዝ ፍሬ ያህላል። እውነተኛው ሰው እሱ ነበር።

ላባኮ የዘረጋውን እጁን ማውረድ አቃተው። አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው፣ ዳኤንግ። «መለኪያውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለ። በአባታችን ዘመን እንዲህ ያለ መርከብ በዚህ አያልፍም ነበር፤ መለኪያው ግን እንደነበረ ቀረ። እንጨቱ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። እኔ ያለቀስኩት ግን ለማኩላው ብቻ አልነበረም።

አርባውን እሑድ ዕለት አወጣን። የሳኑሲን ቦታ ለማንም ሳልሰጥ ባዶውን አስቀምጬዋለሁ። ለጎረምሶቹም ያየሁትን በየተራ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ማላገጡን ትተዋል።

ስለዚህ እባክዎ፣ ቤትዎ ገብቶ እንደሆነ ይህን ጮክ ብለው ያንብቡለት። አልደረሰ እንደሆነ ዛሬውኑ ወደብ ወርደው ይጠይቁ፤ ቀኝ መዳፉ ላይ ገመድ የላጠው ጠባሳ አለበት፣ የማኩላውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነው የወጣው። ሲያገኙት እንዲህ ይበሉልኝ፤ ሳኑሲ ልጄ፣ እኔም ሰው አየሁ። ላባኮም አየ። በሰው ፊት ያልኩህን በሰው ፊት አነሣዋለሁ፤ መሰላሉን ወጥተህ ከቦታህ ተቀመጥ።

ለቤሴ ሱኒ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ሐሚዳን ጉንጯን ሳሙልኝ፣ ቁርዓን መቅራት መጀመሯን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፎቅ ላይ ላሉት ለአማችዎ እናት ጤና ይስጥልኝ በሉልኝ። ኑርሊያ እጅ ትነሣለች። ላባኮ ሰላም ብሎዎታል፤ መጻፍ ቢችል የሚለው ብዙ ነበረው።

ይህን ያነበባችሁ፣ ሲነበብም የሰማችሁ ሁሉ፣ ለልጄ ለማኩላው አላህ እንዲዘንለት፣ መቃብሩንም እንዲያሰፋለት ዱዓ አድርጉልኝ። ሳኑሲ በመካከላችሁ ካለ፣ ቀድሞ እጁን የሚዘረጋው እሱ ይሁን።

እህትዎ ሐስናዊያ
ታንጁንግ ራመ፣ ፑላው ላውት
ኅዳር ወር በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ፲፱፻፺፯ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር